50 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ነጥብ ያስቆጥራል?

እ.ኤ.አ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ከእግር ኳስ ሌላ ስፖርት የማይመለከተውን ሰው ሁሉ ስለ ተኩስ እንዲያወራ ያደረገው የ51 ዓመቱ ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬች ነበር። አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ዓይነት የዓይን መነጽር አድርጎ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። “ዕቃ ምን ያደርጋል? ዋናው ሰውዬው ነው” የሚለው ወሬም አብሮ ተዛመተ። ወርቁን የወሰዱት ሰርቢያዊያን ዞራና አሩኖቪችና ዳሚር ሚኬች ግን ስማቸውን የሚያነሳ እንኳ ጠፋ።

ወሬው ግማሽ እውነት ነው። ዲኬች ቅል ሆኖ የታየው ፊቱ ላይ የሚደረደረውን ዕቃ ስለተወ እንጂ በእጁ የያዘው ሽጉጥ ተራ ሽጉጥ አልነበረም፤ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ነው። ደግሞም 10 ሜትር ላይ ነው የሚተኮሰው። ዒላማው ወደ 1 ኪሎ ሜትር ሲርቅስ? እዚያ ጋ ጨዋታው ይለወጣል። ተኳሹ ጠመንጃው ላይ ያሰረው መነጽር፣ ወይም እነሱ እንደሚሉት ስኮፕ፣ ከጠመንጃው እኩል አንዳንዴም ከጠመንጃው በላይ ዋጋ ያወጣል። ባለፉት ዓመታት በዚህ ስፖርት ዙሪያ የሚነሳው ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው። ሦስት ሺ ዶላር የሌለው ሰው ምን ይግዛ? ወይስ በቃ ይቅርበት?

ለአዛውንት የተከፈተ በር

በኦሊምፒክ የጠመንጃ ውድድሮች ማጉያ መነጽር ክልክል ነው። ተኳሹ በጠባብ ቀዳዳ አሾልቆ ነው የሚያነጣጥረው። መነጽር ይፈቀድበት የነበረው የተንቀሳቃሽ ዒላማ ውድድር ከ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ በኋላ ከፕሮግራሙ ወጥቷል። መነጽር የነገሠበት ውድድር “ኤፍ ክላስ” ይባላል።

“ኤፍ” የተባለችው ፊደል የሰው ስም ናት። ጆርጅ ፋርኩሃርሰን የሚባሉ ካናዳዊ ተኳሽ ነበሩ። ዕድሜ ሲጫናቸው ከሚወዱት ስፖርት ላለመለየት ጠመንጃቸውን መደገፊያ ላይ አስቀምጠው፣ መነጽር ገጥመው መተኮሱን ቀጠሉ። ሌሎችም ተከተሏቸውና ራሱን የቻለ ውድድር ሆነ። የዓለም ሻምፒዮናው በ2009 ቢስሊ እንግሊዝ፣ በ2013 ራተን ኒው ሜክሲኮ፣ በ2017 ኦታዋ፣ በ2023 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን ላይ ተካሂዷል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መነጽሩ ወደዚህ ስፖርት የገባው የደከመ ዓይን ያለውን ሰው ከሜዳ ላለማስወጣት ነበር። እንዲያውም ከሁለቱ ክፍሎች አንዱ የሆነው ኤፍ ቲ አር በሁለት የታወቁ የጥይት ዓይነቶች ብቻ፣ ማለትም በ.308 እና በ.223፣ የሚተኮስበት ሲሆን የታሰበውም መደበኛ ጠመንጃ ላለው ተኳሽ ነው። ጠመንጃው ከነመነጽሩና ከነእግሩ ከ8 ኪሎ ከ250 ግራም መብለጥ የለበትም። ኦፕን በሚባለው ክፍል ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ይፈቀዳል፣ የጥይቱም ምርጫ ሰፊ ነው። ዛሬ ግን ኤፍ ቲ አርም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የጃፓኑ ማርች እስከ 80 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይሠራል፤ የዚህ ኩባንያ ምርጥ መነጽሮች ከ3 ሺ ዶላር በላይ ይሸጣሉ። የአሜሪካው ናይትፎርስ ለዚሁ ውድድር ብሎ የሠራው ከ15 እስከ 55 እጥፍ የሚያጎላ መነጽርም ከ2 ሺ ዶላር በላይ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ የአትሌቲክስ ተመልካች እንግዳ አይሆንም። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 500 ዶላር የሚሸጥ ነበር። “ጫማው ነው የሮጠው ወይስ እሷ?” የሚል ክርክር ያን ሰሞን ብዙ ተብሏል። በመነጽሩ ዓለምም ክርክሩ ያው ነው። ልዩነቱ ሯጩን ብዙ ጊዜ ጫማ የሚያለብሰው ስፖንሰር ሲሆን የዒላማ ተኳሹ ግን ከደመወዙ ቆርጦ ነው የሚገዛው።

ኳስ የሚያህል ዒላማ፣ ዘጠኝ ሜዳ ርቆ

የውድድሩን ርቀት በእግር ኳስ ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። ትልቁ ርቀት ብዙውን ጊዜ 1 ሺ ያርድ ወይም 914 ሜትር ነው። ዘጠኝ የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። በአሜሪካው ዒላማ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ከአንድ ኳስ ትንሽ ቢሰፋ ነው። ከመሃሉ ያለችው እኩል ነጥብ ሲመጣ አሸናፊውን የምትለየው “ኤክስ” የተባለችው ክብ ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። የሻይ ስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ማለት ናት። ተኳሹ አንድ ጫፍ ላይ ተኝቶ ዘጠነኛው ሜዳ መጨረሻ አካባቢ ያለችውን ሰሃን መምታት አለበት።

ይህን የሰማ ጀማሪ መጀመሪያ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። “ሰሃኗን አቅርቦ የሚያሳየኝ ትልቅ ማጉያ ልግዛ።” ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው በርካሽ መነጽሮች ካርቶን ላይ 40 እና 50 የሚሉ ቁጥሮች በትልቁ የሚጻፉት። ቁጥሩ ግን ያታልላል፤ እንዴት የሚለውን ዘርዘር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የአየሩ ጉዳይ አለ። ፀሐይ ሲጠና አስፋልት ላይ አየሩ ሲርገበገብ ማንም አይቷል። በተኩስ ሜዳም እንደዚያው ነው። ከረፋድ ጀምሮ መሬቱ ሲግል በተኳሹና በዒላማው መካከል ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። መነጽሩ ዒላማውን ብቻ ለይቶ አያጎላም፤ የሚንቀጠቀጠውንም አየር አብሮ ያጎላል። 50 እጥፍ ላይ ሰሃኗ ድስት ውስጥ እንደሚፈላ ነገር ትሆናለች። ብዙ ልምድ ያላቸው ተኳሾች እንዲህ ሲሆን ማጉያውን ወደ 30ም ወደ 25ም ይመልሱታል። ታዲያ ውድድሩ ግማሽ ቀን በ25 የሚተኮስ ከሆነ ለ50 የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ የት ገባ?

ቀጥሎ የብርሃን ጉዳይ ይመጣል። ከመነጽሩ የኋላ ሌንስ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊተኛው ሌንስ ስፋት በማጉያው ሲካፈል ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው መነጽር 50 እጥፍ ላይ የሚሰጠው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ25 ሲሆን 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1 ሚሊ ሜትር ምስሉ ይጨልማል፣ ጭንቅላት ትንሽ ሲንቀሳቀስም ይጠፋል። ውድ መነጽር ይህን ሒሳብ አይሽረውም። ልዩነቱ የውዱ ሌንስ ጥራት የቀረችውን ብርሃን ሳያበላሽ ማሳለፉ ነው። ርካሹ ላይ ግን የመጨረሻው አሥር እጥፍ ካርቶኑ ላይ ከመጻፍ ያለፈ ጥቅም የለውም ማለት ይቻላል።

ሌላው የዕይታ ስፋት ነው። 50 እጥፍ ላይ 1 ሺ ያርድ ርቆ የሚታየው ቦታ ከ6 እስከ 7 ሜትር ቢሆን ነው። ዒላማዎቹ ደግሞ ተደርድረው ነው የሚቆሙት። ጎንና ጎኑን በደንብ ሳያይ የጎረቤቱን ዒላማ የመታ ተኳሽ ጥይቱ መሃል ብትገባም ዜሮ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያም ከማት ኢሞንስ በላይ የሚያውቅ የለም። አሜሪካዊው በ2004 አቴንስ ላይ በ50 ሜትር የሦስት አቋቋም ፍጻሜ እየመራ የመጨረሻ ጥይቱ ብቻ ቀርታ ነበር። ከ7 ትንሽ በላይ ብትሆንለት ወርቁ የእሱ ነው። ተኮሰ፤ ጥሩም ተኮሰ፤ ግን የሌላ ሰው ዒላማ ላይ። ከአንደኛነት ስምንተኛ ሆኖ ወጣ፣ ወርቁም ለቻይናዊው ጂያ ዣንቦ ሆነ። ኢሞንስ እንግዲህ መነጽር በማይፈቀድበት ውድድር፣ 50 ሜትር ላይ ነው ይህ የደረሰበት። (ያን ቀን ልታጽናናው የመጣችው ቼካዊቷ ተኳሽ ካተሪና ኩርኮቫ በኋላ ሚስቱ ሆናለች፤ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነበር ለማለትም ያስቸግራል።)

ነፋሱን ማን ያየዋል?

ከሁሉም በላይ ጨዋታውን የሚወስነው ነፋስ ነው። በ.308 የተተኮሰች ጥይት 1 ሺ ያርድ ለመድረስ ከአንድ ሴኮንድ ተኩል በላይ ትፈጃለች። በዚህ መሃል ከጎን የሚነፍሰው ነፋስ በሰዓት 1 ማይል ብቻ ቢጨምር ጥይቷን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገፋታል። መሃል ለመሃል ያነጣጠረ ተኳሽ ፊቱ ላይ የማይሰማውን ነፋስ ስላላየ ብቻ ከ10 ነጥቡ ክብ ውጭ ይወጣል። ይህን ስህተት 80 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር አያርመውም። ጭራሽ የሚገርመው ነገር ያ የሚንቀጠቀጠው አየር ራሱ ነፋሱን የሚናገር መሆኑ ነው። ወደ ግራ ሲፈስ ነፋሱ ወደ ግራ ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲወጣ ረግቧል። ይህን የሚያነብ ተኳሽ የሚፈልገው ጥርት ያለ ምስል እንጂ ከመጠን በላይ የጎላ ምስል አይደለም።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል ከተባለ መልሱ ማስተካከያው ላይ ነው። መነጽሩ አናትና ጎን ላይ የሚዞሩ እንደ ቁልፍ ያሉ ነገሮች አሉ። በተዞሩ ቁጥር “ቀጭ” ይላሉ፤ ተኳሾችም ክሊክ ይሏቸዋል። ልኬቱ ኤም ኦ ኤ የሚባል የማዕዘን መለኪያ ሲሆን አንዱ ኤም ኦ ኤ 100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሺ ያርድ ላይ ደግሞ 26.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሩብ ክሊክ የሚሄድ መነጽር አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ዒላማው ላይ 6.6 ሴንቲ ሜትር ይንቀሳቀሳል። የሰሃኗ ግማሽ ማለት ነው። በአንድ ስምንተኛ የሚሄደው ግን 3.3 ብቻ። ለ1 ሺ ያርድ የሚመረጠውም ይኸኛው ነው።

ክሊኩ ትንሽ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም፤ እውነተኛ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አሥር ጊዜ ወደ ግራ ተዙሮ ጥይቷ የነበረችበት ካልተመለሰች ያ መነጽር ዕቃ አይደለም። ፈተናውም ቀላል ነው። 100 ሜትር ላይ ረጅም ወረቀት ይሰቀላል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርበታል። ከታች ይተኮሳል፤ ከዚያ 30 ኤም ኦ ኤ ወደ ላይ ተዙሮ እንደገና ይተኮሳል። ሁለተኛዋ ጥይት ከመጀመሪያዋ 87 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ፣ መስመሩንም ሳትለቅ መገኘት አለባት። 82 ላይ ብትገኝ? ገዢው 50 እጥፍ የሚያጎላ ውሸታም ገዝቷል ማለት ነው።

ሌላም በካርቶኑ ላይ በትንሹ የሚጻፍ ነገር አለ። በ.308 ከ100 ያርድ ወደ 1 ሺ ያርድ ለመሄድ ከ30 ኤም ኦ ኤ በላይ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ጠቅላላ ጉዞው 50 የሆነ መነጽር ከመሃሉ ወደ ላይ ያለው 25 ብቻ ነው። ስለዚህ አይደርስም። ለዚህ መድኃኒቱ 20 ኤም ኦ ኤ ያዘነበለ ማሰሪያ ሲሆን ዋጋውም ከመነጽሩ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ግን መነጽሩ የተበላሸ መስሎት ሻጩን ሲሳደብ ይውላል።

ገበያው ምን ይላል?

ከ500 ዶላር አካባቢ ጀምሮ እንደ አትሎንና አርከን ያሉ ስሞች ይገኛሉ። በዚህ ዋጋ 5 በ25 እጥፍ፣ አንዳንዶቹ እስከ 34 እጥፍ ያሳያሉ። ከአሥር ዓመት በፊት በዚህ ገንዘብ እንዲህ ያለ ዕቃ ማግኘት ሕልም ነበር። ጣጣቸው ክብደት ላይ ነው። የአርከኑ 5 በ25 ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በኤፍ ቲ አር እያንዳንዷ ግራም ከጠመንጃው አፈሙዝ ወይም ከሰደፉ ላይ ነው የምትቀነሰው።

ከ1 ሺ እስከ 1 ሺ 500 ዶላር ያለው መደብ ነው እንግዲህ ጦርነቱ ያለበት። የሳይትሮን 10 በ50 እና የቮርቴክስ ጎልደን ኢግል 15 በ60 የሚጠቀሱት እዚህ ጋ ነው። የኋለኛው ከ60 እጥፍ ጋር ክብደቱ 840 ግራም አይሞላም። ቮርቴክስ ደግሞ መነጽሩ በማንም እጅ ይገኝ፣ ደረሰኝ ሳይጠይቅ የሚጠግንበት ዋስትና አለው። ይህ ዋስትና ያገለገለ መነጽር ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ መደብ ወጥቶ 3 ሺ መክፈል የሚያመጣው ለውጥ የለም ማለት አይቻልም፤ ምስሉ ይጠራል፣ ክሊኩ ይታመናል። ግን ከ500 ወደ 1 ሺ 200 ሲኬድ የሚገኘውን ያህል ለውጥ ከ1 ሺ 200 ወደ 3 ሺ ሲኬድ አይገኝም።

በ2025 ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ብራንዶች መነጽሮቻቸውን የሚያሠሩት ጃፓን፣ ፊሊፒንስና ቻይና ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በጃፓን ዕቃ ላይ 15 በመቶ፣ በፊሊፒንስ ላይ 19 በመቶ ታሪፍ ጣለ። የ1 ሺ 200 ዶላር መነጽር ላይ እንዲህ ያለ ታሪፍ ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በከፊል ወደ ገዢው ሲዞር፣ ትከሻው ሰፊ ያልሆነው ተኳሽ ነው መጀመሪያ የሚነካው። የ3 ሺ ዶላሩ ደንበኛማ ትንሽ ያጉረመርምና ይገዛል።

“አንድ ጊዜ አልቅሰህ ግዛ፣ ሁለተኛ አታልቅስ” የሚሉ ተኳሾች አሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ርካሽ ገዝቶ በዓመቱ የሚቀይር ሰው በመጨረሻ የሁለቱንም ዋጋ ይከፍላል፤ ውድ መነጽር ደግሞ ሲሸጥ ዋጋውን ብዙ አይጥልም። ግን ይህ ምክር የሚሠራው የሚያለቅስበት ገንዘብ ላለው ሰው ነው። መነጽር ብቻውን አይተኩስማ! አፈሙዝ ያልቃል፤ ፈጣን ጥይት በሚተኮስበት ኦፕን 2 ሺ ጥይት ሳይሞላ የሚለወጥ አለ። እርሳሱ፣ ባሩዱ፣ ቀለሁ፣ የጉዞው ወጪ አለ። 2 ሺ 500 ዶላር ያጠራቀመ አንድ ጀማሪ ሁሉንም መነጽር ላይ ካፈሰሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ወርዶ ነፋስ የሚማርበት ጥይት አይኖረውም። በ1 ሺ 200ው ገዝቶ በቀረው ዓመቱን ሙሉ የተኮሰው ደግሞ ነፋሱን ያውቀዋል። የሁለቱ ፍልሚያ በወረቀት ላይ አይደለም የሚያልቀው፤ ቢሆንም መጀመሪያ ረግቦ የነበረው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ማን እንደሚጎዳ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ኪሱን አይቶ መነጽር የሚገዛ ተኳሽ ዋና ማጣሪያዎቹ አንድ ስምንተኛ ክሊክ፣ ከጎን የሚስተካከል የርቀት ማስተካከያ፣ ከ850 ግራም የማይበልጥ ክብደትና ሁነኛ ዋስትና ናቸው። ማጉያው 32 ላይ ቢቆምም ምንም አይደል። ያገለገለ ዕቃ መግዛትም ነውር የለውም፤ ብዙ ታዋቂ ተኳሾች ወደ አዲስ ሞዴል ሲዘሉ የሚሸጡት መነጽር ገና ጤነኛ ነው። ብቻ ከማንኛውም ሻጭ ጋር ሲነጋገር የመመለሻ ቀኑ ስንት እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ አለበት። ያ ቀን ሳያልፍም ወረቀቱን 100 ሜትር ላይ ሰቅሎ፣ ሜትሩን ይዞ፣ 87ቱን ሴንቲ ሜትር መለካት ነው።